ዞኮሎና የበር ክፈፍ እንጨቱም ግድግዳውም ሳይጎዳ እንዴት ይነቀላል?

ጎንደር ውስጥ ብዙ ቤት የሚታደሰው ጥምቀት ሲቃረብ ነው። እንግዳ ሳይመጣ ግድግዳው ይቀባ፣ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን ይባላል፤ በዚያ ጥድፊያ የእንጨቱ ዞኮሎና የበሩ ክፈፍ በመዶሻ መንቀያ ተፈልቅቆ ይወጣል። እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ልስኑ ተቦድሶ ይወርዳል፤ ለአንድ ቀን የታሰበው ሥራ አናጺና ለሳኝ ፍለጋ ይሆናል። ይህ እንዳይደርስ የሚያስፈልገው ጉልበት አይደለም። ቀለሙን አስቀድሞ መቁረጥ፣ ምስማሩ የት እንዳለ ማወቅ፣ ከዚያም እዚያው ምስማሩ ዘንድ ብቻ ትንሽ በትንሽ መጫን ነው።

ዞኮሎ የምለው በግድግዳው ግርጌ፣ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት የሚታሰረውን የእንጨት ጣውላ ነው፤ የሴራሚክና የሲሚንቶ ዞኮሎ ሌላ ሥራ ነው። ክፈፍ የምለው ደግሞ በበሩ መቃንና በልስኑ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነውን ጠፍጣፋ ጣውላ ነው።

መጀመሪያ ወስኑ፦ መነቀል አለበት?

ቀለም ለመቀባት ብቻ ከሆነ አትንኩት። ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ መቀባት ይበቃል። መነቀል ያለበት ወለሉ ሲቀየር፣ ልስኑ እንደገና ሲለሰን፣ ወይም ከኋላው ምስጥ ወይም እርጥበት ሲጠረጠር ነው። በነባሩ ወለል ላይ ሴራሚክ ሲነጠፍ ወለሉ ከነማጣበቂያው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል ዞኮሎው በነበረበት ሊቆይ አይችልም።

እንጨቱ ምን እንደሆነም ተመልከቱ። ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም ጽድ ከሆነ እያንዳንዷን ሜትር አድኑ። እነዚህ ዛፎች ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር፤ በደንብ የደረቀ፣ ያንኑ ቅርጽ የያዘ ምትክ ማግኘት ከባድ ነው። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከኮላ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ሆኖ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ከሆነ ግን ለእንጨቱ ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ ጥንቃቄያችሁን ሁሉ ለግድግዳው አድርጉት።

የምትኖሩበት የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤት ከሆነ አንድ ምስማር ከመንካታችሁ በፊት ቤቱን የሚያስተዳድረውን አካል አስፈቅዱ። ፒያሳ አካባቢ ባሉት በጣሊያን ዘመን በተሠሩ ቤቶች የምትኖሩ በተለይ ይህን አትዝለሉ። ቤቱ በቅርስነት የተያዘ ከሆነ በሩና ክፈፉም የቅርሱ አካል ናቸው።

የግድግዳውን ዓይነት ለዩ

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ዓይነት አነቃቀል ለሁሉም ግድግዳ አይሠራም።

የድንጋይ ግድግዳ፦ በቆዩ የድንጋይ ቤቶች ምስማሩ የሚይዘው በድንጋዮቹ መካከል በተቀበረ የእንጨት ታኮ ላይ ነው። ድንጋዩ ራሱ ምንም አይሆንም፤ በላዩ ያለው የኖራ ልስን ግን ደረቅና ተሰባሪ ነው። ታኮው ካረጀ ከምስማሩ ጋር ተጎትቶ ሊወጣ ይችላል።

የጭቃ ቤት፦ ምስማሩ የተመታው በቋሚው እንጨት ላይ ነው። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ማገር፣ ጭቃና ጭድ ብቻ ነው። መንቀያውን እዚያ መሐል ላይ አስደግፋችሁ ከተጫናችሁ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

የብሎኬት ግድግዳ፦ ብዙ ጊዜ በፊሸር (ብሎኑን እንዲይዝ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ፕላስቲክ) እና በብሎን ይታሰራል፤ የብሎኑ ራስ በስቱኮ ተሸፍኖ ስለሚቀባ አይታይም። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ የፊቱ ውፍረት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በብሎን የታሰረን ዞኮሎ በኃይል መፈልቀቅ ፊሸሩን ከነብሎኬቱ ፊት ያመጣዋል።

የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ። ድንጋይ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ብሎኬት ባዶነቱ ይሰማል፤ ጭቃ ድምፁን ይውጠዋል።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ዋናው ጠፍጣፋ የምስማር መንቀያ ብረት ነው። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የማይበልጥ፣ በአንድ ወገን የታጠፈና ምስማር የሚገባበት ስንጥቅ ያለው ይሁን። ከሱቅ ካጣችሁ አንጥረኛ ዘንድ ከመኪና ባሌስትራ ማስቀጥቀጥ ይቻላል፤ ብረቱ ለዚህ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ። ባለሙያው ብረቱን በውኃ ወይም በዘይት ካጠነከረው በኋላ እንደገና በመጠኑ እንዲያግለው ንገሩት፤ አለዚያ ጫፉ ሲጫኑት ተሰብሮ ይፈናጠራል። ከዚያም የጫፉን ሁለት ማዕዘኖች በሞረድ አድቦልቡሏቸው። ሹል ማዕዘን እንጨት ላይ ጨረቃ መሰል ጠባሳ ይተዋል፤ ያንን ጠባሳ ስቱኮ አያጠፋውም።

ከዚህ ሌላ እነዚህን በአንድ ባልዲ ሰብስቡ፦

• ጠንካራ ሁለት ስፓቱላ። የሚለመጠጠው ዓይነት አይሆንም።
• ከተር ከነትርፍ ምላጩ።
• ቀላል መዶሻና ጎማ መዶሻ።
• ከኮምፖንሳቶ የተቆረጡ ማስደገፊያዎች፦ ለድንጋይ ግድግዳ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ለጭቃና ለብሎኬት ደግሞ ቢያንስ 20 በ30።
• ከደረቅ እንጨት የተጠረቡ ከ10 በላይ ሽብልቆች፣ አንድ ጫፋቸው እንደ ወረቀት የሳሳ።
• ፒንሳ፣ ጉጠት፣ ካቻቢቴ፣ ወስፌ፣ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ።
• ማግኔት። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ጀርባ የሚወጣው ይበቃል።
• እርሳስ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ሶሉ ወፍራም ጫማ።

ዲጂኖ (ረጅሙን ከባድ መፈልቀቂያ ብረት) ወደ ክፍሉ አታስገቡ። በእጅ ካለ ችግር ሲመጣ እጅ ወደ እሱ ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ ክፍሉን አዘጋጁ

1. ዕቃውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ። ተንበርክካችሁ በሁለት እጅ መሥራት አለባችሁ።

2. በዞኮሎው ላይ ወይም ከኋላው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍ ከሆነ ከቆጣሪው ዘንድ ያለውን ማብሪያና ማጥፊያ አጥፉ። ከሶኬት በታች ባለው ቦታ ሁሉ ገመድ እንዳለ አድርጋችሁ ሥሩ።

3. ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን ከክፍሉ አውጡ። የቆየ የዘይት ቀለም ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ዱቄቱ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አታቃጥሉ። አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ።

4. ጊዜውን ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠና ምስማሩን አጥብቆ የያዘ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ይላላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚደርቅ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ወቅት የምትሠሩ ከሆነ ከታች የማነሳውን አካሄድ ይበልጥ በዝግታ ሂዱበት።

ደረጃ 2፦ ምስማሩን ፈልጉ፣ ቁጥር ስጡ

ማግኔቱን በክር አንጠልጥላችሁ በእንጨቱ ፊት ላይ በዝግታ አሳልፉ። ምስማር ወይም ብሎን ያለበት ቦታ ሲደርስ ክሩ ያዘነብላል፤ ማግኔቱም እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። እዚያው ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹ በመደዳ፣ በተመሳሳይ ርቀት ከመጡ የቋሚዎቹን ወይም የታኮዎቹን ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳችሁ ማግኔቱ አንድም ቦታ ካልተሳበ እንጨቱ በኮላ ወይም በሲሊከን ተለጥፏል፤ ደረጃ 6ን ተመልከቱ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ እንጨት መለያ ስጡ። ክፍሉን በፊደል፣ እንጨቱን በቁጥር፦ ሀ1፣ ሀ2፣ ሀ3፣ ከበሩ ግራ ጀምራችሁ ወደ ቀኝ እየዞራችሁ። ያንኑ መለያ ከእንጨቱ ኋላ በሚሆነው ግድግዳ ላይ ሲነቀል ትጽፉታላችሁ። በስልካችሁ እያንዳንዱን ማዕዘን ፎቶ አንሱ። ይህን የሚዘል ሰው ሲመልስ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚጎድለው እንጨት ይዞ ይቆማል፤ ክፍሎቻችን ማዕዘናቸው እኩል ስላልሆነ ሁለት የሚመስሉ እንጨቶች አንድ አይደሉም።

ደረጃ 3፦ ቀለሙን ቁረጡ

ከሁሉ በላይ የሚናቀው ደረጃ ይህ ነው፤ የግድግዳው ደኅንነት የሚወሰነውም እዚህ ነው። ቤቱ በየጊዜው ሲቀባ ቀለሙ በእንጨቱና በልስኑ መካከል ድልድይ ሆኖ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ያ ድልድይ ሳይቆረጥ እንጨቱ ከተሳበ ቀለሙ ኖራውንና ስቱኮውን ይዞ ይመጣል።

1. አዲስ ምላጭ ከተሩ ላይ አድርጉ። የደነዘ ምላጭ ቀለሙን አይቆርጥም፣ ይቀደዋል።

2. ምላጩን የእንጨቱ የላይኛው ጠርዝ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ አስቀምጡ፤ ጫፉን ወደ ታች፣ ወደ እንጨቱ ጀርባ በመጠኑ አዘንብሉት። ወደ ልስኑ አታዘንብሉት።

3. በቀስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። በአንድ ጊዜ አጥልቃችሁ ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ ምላጩ ከመስመር ይወጣና ልስኑን ይጭረዋል። ቀለል ባለ እጅ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሱ። ምላጩ ሳይያዝ ሲንሸራተት ቀለሙ ተቆርጧል።

4. ማዕዘኖቹን፣ በሁለት እንጨቶች መካከል ያሉትን መጋጠሚያዎችና ክፈፉ ከመቃኑ ጋር የሚገናኝበትን መስመርም እንዲሁ ቁረጡ። መቃኑን ማላቀቅ አንፈልግም፤ ክፈፉን ብቻ ነው።

5. የወለሉን ወገን አትርሱ። ወለሉ ጣውላ ሆኖ ሲሰም የኖረ ከሆነ ሰሙና ቫርኒሹ ታችኛውን ጠርዝ ይዞታል።

ተቆርጦ ሲያልቅ ስፓቱላውን በመስመሩ ውስጥ አስገብታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራቱት። የሚቆም ከሆነ እዚያ ጋ ገና አልተቆረጠም፤ ተመለሱበት።

ደረጃ 4፦ የትኛው እንጨት ይቀድማል?

በዞኮሎው ሥር ቀጭን ሩብ ክብ እንጨት ካለ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። ቀጥሎ የማዕዘኖቹን መጋጠሚያ ልብ ብላችሁ እዩ። በውስጥ ማዕዘን ብዙ ጊዜ አንደኛው እንጨት እስከ ግድግዳው ድረስ ይገባል፤ ሁለተኛው በእሱ ፊት ላይ ይገጥማል። የሚቀድመው ይህ ሁለተኛው፣ ከላይ የተገጠመው ነው። ተቃራኒውን ከጀመራችሁ ጫፉ ይታሰርና ይሰበራል።

በውጭ ማዕዘን ደግሞ ሁለቱ እንጨቶች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ይገናኛሉ፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስተሳስር ቀጭን ምስማር በጎን ሊኖር ይችላል። ማግኔቱን እዚያ ላይ አሳልፉ። ካለ የሴጌቶ ምላጭ በመጋጠሚያው አስገብታችሁ ቁረጡት።

ከበሩ ክፈፍ ጋር የሚገናኘው የዞኮሎ ጫፍ ከየትኛውም ይልቅ ነጻ ስለሆነ የሥራው መነሻ እሱ ይሁን።

ደረጃ 5፦ መንቀል

ስፌት እንደሚተረተር አድርጋችሁ አስቡት፤ አንዱን ክር ፈትቶ ወደሚቀጥለው ነው፣ ጨርቁን ይዞ መጎተት አይደለም።

1. ከመጀመሪያው የምስማር ምልክት አጠገብ፣ ከላይ በኩል፣ ስፓቱላውን በእንጨቱና በግድግዳው መካከል አስገቡ። በቀላል መዶሻ ጫፉን ነካ ነካ እያደረጋችሁ አስጠልቁት። ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል።

2. ማስደገፊያውን ኮምፖንሳቶ በግድግዳው ላይ አኑሩ። በጭቃና በብሎኬት ግድግዳ ትልቁን ተጠቀሙ፤ ቋሚ ካለበት ደግሞ በቋሚው ልክ ይደገፍ።

3. የመንቀያውን ጫፍ በስፓቱላውና በእንጨቱ መካከል አስገቡ። አሁን ከእንጨቱ ኋላ መንቀያ፣ ከመንቀያው ኋላ ስፓቱላና ኮምፖንሳቶ አለ። ብረት ልስን የሚነካበት አንድም ቦታ መኖር የለበትም።

4. እጀታውን በዝግታ ወደ ግድግዳው ግፉ። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መንቀያ መደገፊያው ከጫፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ጉልበታችሁን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ያሳድገዋል፤ በእጃችሁ 20 ኪሎ ስትጫኑ ጫፉ ላይ ወደ 180 ኪሎ ይሆናል፣ የማስደገፊያው ቦታም ከዚያ በላይ ይሸከማል። ልስን የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኮምፖንሳቶው ስፋት ሸክሙን የሚያከፋፍለውም ለዚህ ነው።

5. ምስማሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲመጣ አቁሙ። ሽብልቅ አስገብታችሁ ክፍተቱን ያዙት። ወደሚቀጥለው ምስማር ሂዱ፤ እዚያም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ። እስከ መጨረሻው ምስማር በዚህ ሂዱ።

6. ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ሁለተኛውን ዙር ጀምሩ፤ አሁን አንድ ሳንቲ ሜትር። በሦስተኛው ዙር እንጨቱ በእጅ ይመጣል። አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ አትሳቡት፤ በሁለት እጅ፣ ሁለት ሰው ካለ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ እንደሆነ ይውጣ።

ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ምስማር ከታኮው ሲወጣ የሚሰጠው ድምፅ ረዘም ያለ፣ የሚያንቋርር ነው፤ በዚያ ድምፅ ቀጥሉ። አጭርና ደረቅ ቅጭታ ከሰማችሁ ግን እጃችሁን ወዲያው አላሉ፤ የእንጨት ጅማት መለያየት ጀምሯል። ስንጥቁ ገና ፀጉር የሚያህል ሳለ ከቆመ ይድናል።

ደረጃ 6፦ በብሎንና በኮላ የታሰረ

በብሎን የታሰረውን በፍጹም አትፈልቅቁት። ማግኔቱ በጠቆማችሁ ቦታ ላይ ስቱኮውን በወስፌ ጫፍ ጥረጉና የብሎኑን ራስ አውጡ። ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ስቱኮ እስከ መጨረሻው አጽዱት፤ ካቻቢቴው በደንብ ካልገባ ራሱን ይበላዋል። ፈትታችሁ ስታበቁ እንጨቱ ካልተላቀቀ የያዘው ቀለም ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። የብሎኑ ራስ ተበልቶ ካቻቢቴው ከዞረ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ በራሱ ላይ አድርጋችሁ ካቻቢቴውን አጥብቃችሁ እየተጫናችሁ አዙሩ።

በኮላ ወይም በሲሊከን የተለጠፈውን ለማላቀቅ ቀጭን የብረት ሽቦ በሁለት አጫጭር እንጨቶች ላይ ጠምጥሙ፤ ከእንጨቱ ኋላ አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ሲሊከን በዚህ መንገድ ይቆረጣል። ጠንካራ ኮላ ግን ብዙ ጊዜ የልስኑን ፊት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለስቱኮ ተዘጋጁ።

ደረጃ 7፦ የበሩ ክፈፍ

አካሄዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ክፈፉ በሁለት መስመር መመታቱ ነው። አንደኛው የምስማር መስመር በመቃኑ ላይ፣ ሌላው በግድግዳው በኩል ነው። ሁልጊዜ ከውጭው ጠርዝ፣ ከግድግዳው ወገን፣ ከታች ጀምሩ። በመቃኑ በኩል መንቀያ አታስገቡ፤ መቃኑ አንድ ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ በሩ ወለሉን መግጨት ወይም አለመዘጋት ይጀምራል።

ሁለቱን ቋሚ ክፈፎች መጀመሪያ አውጡ፤ የላይኛውን በመጨረሻ። የላይኛው ክፈፍ ሲላቀቅ አንድ ሰው በእጁ ይደግፈው። ሥራው በሚሄድበት ጊዜ በሩን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። አዲስ ድምፅ ካሰማ ወይም ከተያዘ መቃኑ ተነክቷል ማለት ነው፤ ቆም በሉና መቃኑን በሽብልቅ ወደ ቦታው መልሱት፣ በውኃ ልክ አረጋግጡት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ ምስማሩን ከእንጨቱ ማውጣት

እንጨቱ በሰላም ወጥቶ እዚህ ላይ የሚበላሽበት ብዙ ነው። ምስማሩን በጫፉ በኩል መትታችሁ ወደ ፊት ካስወጣችሁት ራሱ ቀለሙንና የእንጨቱን ፊት ሰብሮ ይወጣል።

ራሱ ትንሽ የሆነ ቀጭን ምስማር ከኋላ ይሳባል። እንጨቱን በጨርቅ ላይ በፊቱ አስተኙት፤ ምስማሩን እንጨቱ ሥር ድረስ በጉጠት ያዙት፤ ጉጠቱን በኮምፖንሳቶ ላይ አስደግፋችሁ ወደ ጎን አንከባልሉት። ራሱ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ይመጣል፤ ፊት ላይ የሚቀረው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ራሱ ሰፊ የሆነውን ምስማር ግን በዚህ መንገድ አታውጡ፤ ፊቱን ይፈነክተዋል። እንጨቱ ገና ግድግዳው ላይ ሳለ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ከተላቀቀ በኋላ፣ በምስማሩ አጠገብ ጣውላ ደግፋችሁ በጎማ መዶሻ ወደ ግድግዳው መልሱት። እንጨቱ ይመለሳል፣ የምስማሩ ራስ ብቅ ብሎ ይቀራል። ከሥሩ ኮምፖንሳቶ አድርጋችሁ በመንቀያው ስንጥቅ ሳቡት።

ዝጎ እምቢ ያለውን አትታገሉት። የሴጌቶውን ምላጭ ከእጀታው አውጥታችሁ አንዱን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ፤ በእንጨቱና በግድግዳው መካከል አስገብታችሁ ምስማሩን ቁረጡት። በእንጨቱ ውስጥ የቀረውን ከኋላ በሞረድ አስተካክሉት፤ ማንንም አይጎዳም።

የወጣውን ሁሉ ወዲያው ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩ። ሲያልቅ ማግኔቱን በወለሉ ላይ አሳልፉ።

ነገር ሲበላሽ

እንጨቱ ከተሰነጠቀ፦ ስንጥቁን አትክፈቱት፣ ፍርፋሪውንም አትጣሉ። ነጩን የእንጨት ኮላ በወስፌ ጫፍ እስከ ውስጥ አስገቡ፤ ፍርፋሪውን በቦታው መልሱ፤ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ለ24 ሰዓት አትንኩት። በዚያው ቀን የተጣበቀ ስንጥቅ አይታይም ማለት ይቻላል፤ አቧራ የገባበት ግን መስመሩ ይቀራል።

የኖራ ወይም የሲሚንቶ ልስን ከወረደ፦ በዞኮሎው የሚሸፈን ከሆነ ልቅ የሆነውን ብቻ አራግፋችሁ ተዉት። ከዞኮሎው በላይ ከሆነ ጠርዙን አርጥባችሁ በዚያው ዓይነት ልስን ሙሉት፤ በኖራ ላይ ኖራ፣ በሲሚንቶ ላይ ሲሚንቶ።

የጭቃ ግድግዳ ከተሰረጎደ፦ ሲሚንቶ አትለጥፉበት። ጭቃው በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ጊዜ ጠብቆ ተገንጥሎ ይወርዳል። ጭድ ገብቶበት ለቀናት የተላቆጠ ጭቃ አዘጋጁ፤ ቦታውን አርጥቡ፤ በሁለት ዙር ሙሉ፤ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛውን ድገሙ።

ታኮው ከምስማሩ ጋር ከወጣ፦ ቀዳዳውን አጽዱና ከደረቀ ወይራ ወይም ጽድ በልኩ አዲስ ታኮ ጥረቡ። ጠባብ ሆኖ በመዶሻ የሚገባ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይሟሽሽና ይላላል።

ምስጥ ካገኛችሁ፦ እንጨቱ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ከኋላው የአፈር መተላለፊያ ከታየ መንቀል አቁሙ፤ ምስጡ ከየት እንደሚወጣ ተከታተሉ። የተበላውን እንጨት ከደኅናው ጋር በአንድ ክፍል አታሳድሩ።

የተሰበረና የማይጠገን ባለ ቀለም እንጨት ካለ ለማገዶ አይሁን። ለእንጀራ ምጣድ የሚነድ እሳት ውስጥ የቆየ ቀለም ከገባ ሊዱ ከጭሱና ከአመዱ ጋር ይወጣል፤ ምግቡም፣ የምትጋግረው ሴትም፣ አጠገቧ ያለው ልጅም ይነካሉ። ይህን ለሠራተኞቹም፣ በግቢው ላሉ ጎረቤቶችም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ውጭ የተጣለ እንጨት ሳይነሣ አያድርም።

ማስቀመጥና መመለስ

የወጣውን እንጨት ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አታቁሙት፤ በሳምንት ውስጥ ይጎብጣል። በሦስት ቦታ ጉማጅ እንጨት አንጥፋችሁ አጋድሙት፤ ፊት ለፊት እያገጣጠማችሁ፣ በመካከላቸው ጋዜጣ ወይም ጨርቅ እያደረጋችሁ ደርድሩ። ፀሐይ የማያገኘው፣ የጣሪያ ፍሳሽ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ።

ስትመልሱ ቁጥሩን እያያችሁ እያንዳንዱን በየቦታው አድርጉ፤ የመጨረሻው የወጣው መጀመሪያ ይገባል። በአሮጌው ቀዳዳ አትምቱ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ፣ በታኮው ወይም በቋሚው ልክ፣ አስቀድማችሁ ከምስማሩ የቀጠነ ቀዳዳ በስታችሁ ምቱ። የደረቀ ዋንዛ ያለ ቀዳዳ ምስማር ከተመታበት ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። አዲሱ ወለል ሴራሚክ ከሆነ ዞኮሎውን ወለሉ ላይ አታሳርፉት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ትታችሁ በሲሊከን ድፈኑት፣ ወለሉ ሲታጠብ ውኃው ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ።